የመጀመሪያ የእጅ ባትሪ መግዛት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ራዲዮ፣ ቻርጀርና የእጅ ባትሪ እጠግናለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጡት ባትሪዎች ብዙዎቹ የተበላሹት በአጠቃቀም ሳይሆን በምርጫ ነው። ሰው ሱቅ ገብቶ "የቱ ነው በደንብ የሚያበራው?" ይላል፤ ባለሱቁም የሚያበራውን ያሳየዋል፤ ከሦስት ወር በኋላ ዕቃው እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው "ይሄ ሲያልቅ በምን እሞላዋለሁ?" ብዬ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በየቀኑ የሚቀርቡልኝ ናቸው። ግራ እንዳይገባችሁ፣ "ባትሪ" ስል በእጅ የሚያዘውን መብራት ነው፤ ውስጡ የሚገባውን እንደ ሰፈራችን ቋንቋ "ድንጋይ" እለዋለሁ።

ስልኬ መብራት አለው፤ ሌላ ባትሪ ለምን ያስፈልገኛል?

ቤት ውስጥ ቁልፍ ለመፈለግ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። የስልክ መብራት አብዛኛውን ጊዜ 50 ሉመን አካባቢ ነው (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፤ ለቅርብ ነገር ይበቃል። ግን ብርሃኑን የሚሰበስብለት ነገር ስለሌለ ወዲያው ይበተናል። ከጥቂት እርምጃ በኋላ የተኛው ውሻ ይሁን ድንጋይ መለየት ያቅታል። ደሴ ደግሞ መንገዷ ሜዳ አይደለም፤ ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች በምሽት የወጣ ሰው ደረጃውን፣ ቦዩንና ክዳን የሌለውን ጉድጓድ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። መብራት የጠፋ ለት ስልክ ከምንጊዜውም በላይ ይፈለጋል። ያን ዕለት እሱኑ ኩራዝ ካደረጋችሁት፣ ሌሊት የታመመ ሰው ቢኖር የምትደውሉበት የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ መብራት በተቋረጠበት ጊዜ እኛ ቤት በኩራዝ ነበር የምናመሸው፤ ስልኩን ለአንድ ጥሪ ብለን አጥፍተን እናስቀምጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ስልክንና መብራትን አላቀላቅልም።

አጭሩን ንገረኝ፤ የመጀመሪያዬ ምን ዓይነት ይሁን?

ኪስ የሚገባ፤ አካሉ አሉሚኒየም የሆነ፤ አንድ ድንጋይ ብቻ የሚበላና ድንጋዩ የሚወጣ፤ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የብርሃን ደረጃ ያለው፤ ብርሃኑ ጠባብ ነጥብ ሳይሆን ሰፋ ብሎ የሚወርድ፤ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ። ከፍተኛው ብርሃን እውነተኛ 300 ወይም 400 ሉመን ከሆነ ለቤትም፣ ለመንገድም፣ ለእንግዳ መሸኛም ይሆናል።

በጀቱ ጠበብ ካለ በአንድ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ፣ ማለትም በደብል ኤ፣ የሚሠራ ትንሽ ባትሪ ግዙ። ብርሃኑ ያነሰ ነው፤ ድንጋዩ ግን ገጠርም ከተማም ባለ ሱቅ ሁሉ አለ።

ካርቶኑ ላይ "50,000 ሉመን" ይላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ አብረን እናስላው።

አንድ ጥሩ ኤልኢዲ (ብርሃኑን የሚያወጣው ትንሹ ቁራጭ) በባትሪ ውስጥ ከአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን ገደማ ያወጣል፤ አንዳንዱ ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ 50,000 ሉመን ለማውጣት 500 ዋት ይፈልጋል። 500 ዋት ማለት የአንድ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ እኩሌታ ነው፤ አንድ ጭብጥ የምታህል ዕቃ ያን ያህል ሙቀት ይዛ እጃችሁ ላይ አትቆይም። ድንጋዩም አይችለውም። በዚህ ዓይነት ባትሪ ውስጥ የሚገባው 18650 የሚባለው ድንጋይ ሙሉ ሲሆን 11 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 11 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚሰጥ ጉልበት ነው የሚይዘው። በ500 ዋት ቢፈስ ደቂቃ ከግማሽ እንኳ አይቆይም። ያ ባለ 50,000 ሉመን ዕቃ ተከፍቶ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሉመን የሚያወጣ ነው።

ባትሪ አምራቾች የሚለኩበት የታወቀ ደረጃ አለ፤ ኤፍኤል 1 ይባላል፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። በእሱ ሕግ ሉመኑ የሚለካው ባትሪው በተከፈተባት ቅጽበት ሳይሆን ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ካርቶኑ ላይ የዚህ ደረጃ ትንንሽ ምልክቶች ካሉ (ለብርሃኑ፣ ለርቀቱ፣ ለሰዓቱ፣ ለውሃው ለየብቻ) አምራቹ ቢያንስ ሊጠየቅበት የሚችል ቁጥር ጽፏል። ግን ምልክቱንም አስመስሎ የሚያትም አይጠፋም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከዕቃው መጠን ጋር አስተያዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። "ቲ6" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ብዙ ሰው የሞዴል ስም ይመስለዋል። ቲ6 የአንድ ኤልኢዲ ዓይነት የብርሃን መጠን መደልደያ ኮድ ነው። አሁን በየቱም ዕቃ ላይ ስለሚታተም ምንም አይነግራችሁም።

ታዲያ ስንት ሉመን ይበቃኛል?

ማነጻጸሪያ ልስጣችሁ። አንድ ሻማ 12 ሉመን ገደማ ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል 800 ገደማ። ሌሊት ሕፃን ለማጥባት ወይም ሰው ሳትቀሰቅሱ ለመነሳት ከ1 እስከ 5 ሉመን በቂ ነው። ከቤት ወደ ጓዳ 20፤ ሰፈር ውስጥ ለመሄድ ከ50 እስከ 100። ጅብ ነው ወይስ ጥጃ ብላችሁ ከግቢው ጫፍ ለማየት ስትፈልጉ ነው 300 የሚያስፈልገው፤ ያም ለጥቂት ሰከንድ።

ዓይናችን ብርሃንን እንደ ገንዘብ አይቆጥርም። አንድ ባትሪ ከሌላው እጥፍ ደማቅ እንዲመስላችሁ አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ማውጣት አለበት። ስለዚህ ከ400 ወደ 500 ሉመን ለመውጣት ተጨማሪ ብር መክፈል ዓይናችሁ የማያየውን መግዛት ነው። ያን ብር ሁለተኛ ድንጋይ ግዙበት።

ለዚህ ነው ዝቅተኛውን ደረጃ እዩ የምለው። መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን ቢቆይ የሚያወጣችሁ ዝቅተኛው ነው። ሙሉ 18650 በ100 ሉመን ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል፤ በ20 ሉመን ግን በየምሽቱ አራት ሰዓት እያበራችሁ ከሳምንት በላይ ትዘልቃላችሁ። ብዙው ርካሽ ባትሪ "ዝቅተኛ" የሚለው ከከፍተኛው ብዙም የማይለይ ነው። ሱቁ ውስጥ ዝቅተኛውን ከፍታችሁ ወደ እጃችሁ መዳፍ አብሩት፤ ዓይናችሁ ከጨነቀው ዝቅተኛ አይደለም።

በድንጋይ የሚሠራው ይሻላል ወይስ ቻርጅ የሚደረገው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ገበያችን ላይ በብዛት ያለው ከጀርባው የሶኬት ብረት የሚወጣለት፣ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካው የፕላስቲክ ባትሪ ነው። ርካሽ ነው፣ ሲገዛም ያበራል። ውስጡ ያለው ግን እንደ መኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ ያለበት፣ 4 ቮልት የሆነ ትንሽ ሳጥን ነው። ይህ ዓይነቱ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። አልቆ ለሳምንታት ከተቀመጠ የእርሳሱ ገጽ ነጭ ቅርፊት ያወጣና ከዚያ ወዲያ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ሰው ደግሞ ባትሪውን የሚያስታውሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ተጠቅሞ ይጨርሰዋል፣ መብራት ሲመጣ ቁም ሳጥን ላይ ይወረውረዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ሲያነሳው የለም። "ምነው ገና አዲስ ነበር እኮ" ብላችሁ የምታመጡልኝ ይሄንን ነው። ይህ ካላችሁ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም በወር አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ሰክታችሁ አሳድሩት፤ ዕድሜው ይረዝማል።

ሁለተኛው በድንጋይ የሚሠራው ነው። ትልልቁን የራዲዮ ድንጋይ የሚበላው የቆርቆሮ ባትሪ አያቶቻችን ቤት ነበር፤ ዛሬ ትንንሾቹን ነው የምናየው። ጥሩነቱ መብራት ለሳምንት ቢጠፋም ሱቅ ሄዳችሁ ድንጋይ ገዝታችሁ መቀጠላችሁ ነው። ጉዳቱ ወጪው። በየምሽቱ የምትጠቀሙ ከሆነ የአንድ ዓመት የድንጋይ ወጪ ከባትሪው ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ቤታችሁ ያለውን ኑሮ አስቡና አስሉት፦ በወር ስንት ድንጋይ? በዓመት ስንት? ርካሽ የመሰላችሁ ዕቃ ውድ ሆኖ ይገኛል። ቻርጅ የሚደረግ ደብል ኤ ድንጋይም አለ፤ 1.2 ቮልት ይላል፤ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይሞላል። ለብቻው ቻርጀር ቢፈልግም ለሬዲዮም ለግድግዳ ሰዓትም ስለሚሆን ገንዘቡን ያወጣል።

ሦስተኛው ሊቲየም ነው፤ 18650 የሚባለው። ስሙ መጠኑ ነው፦ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። አንዱ ብቻውን የአራት ደብል ኤ ያህል ጉልበት ይይዛል፣ ባዶውን መቀመጥም እንደ እርሳሱ ቶሎ አይገድለውም፣ ከስልክ ቻርጀርና ከፓወር ባንክ ይሞላል። ለመጀመሪያ ባትሪ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፤ ግን ድንጋዩ የሚወጣ መሆን አለበት። አንዳንዱ በሙጫ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ድንጋዩ ያለቀ ቀን ዕቃው አብሮ ያልቃል። ሱቁ ውስጥ "ክፈትልኝ" በሉ። የማይከፈት ከሆነ አስቀምጡት።

"9,900" የሚል ድንጋይ አየሁ፤ ያ ከ3,000 አይበልጥም?

በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚበልጠው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራ ምርጡ 18650 ከ4,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት (ድንጋዩ የሚይዘው ቻርጅ መለኪያ) ብዙም አያልፍም። 5,000፣ 6,800፣ 9,900 የሚሉት ሁሉ ውሸት ናቸው፤ ብዙዎቹ 1,000 እንኳ አይሞሉም። በጣም ቀላሉ መለያ ሚዛን ነው። ትክክለኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ሰኞ ገበያ የቅመም ሚዛን ያላቸውን "እስቲ አንዴ" ብትሏቸው አይከለክሏችሁም። 30 ግራም ከሆነ ውስጡ ግማሹ ባዶ ነው። አንዴ አንዱን በጥንቃቄ ስከፍተው ውስጡ ከእሱ ያነሰ ድንጋይ ተሸጉጦ ቀሪው በነጭ ዱቄት ተሞልቶ አገኘሁት። እናንተ ግን ሊቲየም ድንጋይ አትክፈቱ፤ ይቃጠላል።

ሶኬት ላይ እንደተሰካ ማብራት ችግር አለው?

በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ከሆነ አታድርጉት። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትራንስፎርመር የላቸውም፤ 220 ቮልቱ ሰውነታችሁን ሊነካ ከሚችለው ቦታ የሚለየው ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ፣ እጃችሁ ከረጠበ ወይም ልጅ ከያዘው አደጋው የእውነት ነው። ከሶኬት ነቅላችሁ ወዲያው የሚሰካውን ብረት ስትነኩ ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁም ውስጡ የቀረው ቻርጅ ነው። ቻርጅ እያደረጋችሁ አትክፈቱት፣ ሽፋኑ የተሰበረውንም አትሰኩት።

በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ገዛሁ፤ በአዲሱ የስልኬ ቻርጀር እምቢ አለኝ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም፤ አብሽሩ። ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ገመድ ሲሰካ ቻርጀሩ ኃይል ከመስጠቱ በፊት ከዕቃው ምልክት ይጠብቃል፤ ርካሽ ባትሪ ላይ ያንን ምልክት የምትሰጠዋን ትንሽ ሬዚስተር ይተዋታል። አንደኛው ጫፍ የድሮው ሰፊው ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ሰኩት፤ ይሞላል።

ዙም ያለው አይሻልም?

ሱቅ ውስጥ በጣም ደስ የሚለው እሱ ነው፤ ፊቱን ሳብ ሲያደርጉት ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ብርሃን ይሠራል። ግን ሲጠብ ብዙው ብርሃን ጎኑ ላይ ይቀራል፤ ከፊት የሚወጣው ከሚባለው ያነሰ ነው። ደግሞም ፊቱ በተጎተተ ቁጥር እንደ ወናፍ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራና እርጥበት ይገባል። ኮምቦልቻ በበጋ አቧራው፣ ደሴ በክረምት እርጥበቱ መስታወቱን ከውስጥ ያደበዝዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዙም የሌለው ይሻላችኋል።

በደሴ ጉም የትኛው ባትሪ ነው የሚሠራው?

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚወጣ ታች ጥርት ያለ ሰማይ ትታችሁ ላይ ጉም ውስጥ ትገባላችሁ። ረዳቱ ግንባሩ ላይ የሚታሰር ባትሪ ነበረው፤ ደማቅ ነው። አብርቶ ወረደ፤ የሚፈታውን ብሎን ማየት አልቻለም። ፊቱ ላይ ነጭ ነጠላ የተዘረጋበት ያህል ሆነበት። ጨመረው፤ ባሰ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት "ልጄ፣ አውርደው እስቲ፣ ከዓይንህ አርቀው" አሉት። ባትሪውን ከግንባሩ ፈትቶ መሬት ላይ፣ ከጎማው ጎን አስቀመጠው፤ ደረጃውንም ዝቅ አደረገ። ወዲያው ብሎኖቹ አንድ በአንድ ጥላቸውን ጥለው ታዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉም የውሃ ጠብታ ነው፤ ጠብታው ብርሃኑን መልሶ ወደ መጣበት ይረጫል። ብርሃኑ ዓይናችሁ አጠገብ ከሆነ የተመለሰው ሁሉ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በጉም ጊዜ ባትሪውን ወደ ወገብ ወይም ወደ ጉልበት አውርዳችሁ፣ በመካከለኛ ደረጃ፣ እግራችሁ ፊት ያለውን መሬት አብሩ። ጠበብ ያለ ብርሃን እዚህ ላይ ከሰፊው ይሻላል። "ቢጫ ብርሃን ጉም ይበሳል" የሚለው ብዙም እውነትነት የለውም፤ የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ በጣም ስለሚበልጥ ቢጫውንም ነጩንም እኩል ነው የሚረጨው። ቢጫው ለዓይን ይለዝባል፣ ያ ብቻ ነው።

ነጩ ይሻላል ወይስ ወደ ቢጫ ያደላው?

በጣም ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው (6,500 ኬልቪን የሚለው፤ ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) ሱቅ ውስጥ ደማቅ ይመስላል፤ ግን ቀለም ይገድላል። ቀዩንና ቡናማውን ሽቦ ለመለየት ሞክሩበት፤ ትቸገራላችሁ። ስጋው ትኩስ ይሁን የቆየ፣ የልጁ ቁስል ቀልቶ ይሁን አይሁን አይነግራችሁም። ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ያለው ለሁሉም ነገር ይሆናል። ካገኛችሁት አትለፉት፤ ካላገኛችሁት ግን ለዚህ ብላችሁ ግዢ አታዘግዩ።

የግንባር ባትሪ ልግዛ ወይስ የእጅ?

ሁለት እጃችሁ የሚሠራበት ሥራ ካላችሁ የግንባር። መብራት ጠፍቶ እንጀራ የምትጋግር ሴት አንድ እጇን ለባትሪ መስጠት አትችልም። መካኒክም፣ ላም አላቢም፣ አዋላጅም እንዲሁ። ለመንገድ ግን የእጅ ባትሪ ይሻላል፤ ከዝቅታ የሚመጣ ብርሃን የጉድጓዱንና የድንጋዩን ጥላ ያወጣል፣ ከግንባር የሚወርደው መሬቱን ሜዳ ያስመስለዋል። ሁለቱንም የሚያደርግ አለ፦ አንገቱ ቀኝ ማዕዘን የታጠፈ፣ ከላስቲክ ማሰሪያው የሚወጣ፣ በ18650 የሚሠራ። በአንድ ዋጋ ሁለት አገልግሎት ስለሆነ ለቤተሰብ ይሄን እመክራለሁ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ማታ ከሺፍት ስወጣ የምይዘው የቱን?

ትንሹን። ቦርሳ ውስጥ የሚቀር ትልቅ ባትሪ አይጠቅምሽም፤ እጅሽ ላይ ያለው ነው የሚጠቅምሽ። ማብሪያው ከኋላ ሆኖ አንዴ ሲጫን በቀጥታ የሚበራ ይሁን፤ እያብለጨለጨ የሚጀምር ወይም ሦስት ጊዜ ተጭኖ የሚመጣ አይሁን። በር ላይ ሳትወጪ ከፍተሽ እዪው። ውሻ ከመጣ ብርሃኑን ወደ መሬት፣ ከፊቱ አሳርፊው፤ ሰው ከመጣም እንዲሁ ወደ እግሩ። ሰው ዓይን ላይ ማብራት ነውርም ነው፣ ጠብም ያስነሳል።

ለግሸን ጉዞ ምን ልያዝ?

ለመስከረም 21 ሌሊት የሚወጣ ሰው ዳገቱ ላይ ሁለት እጁ ያስፈልገዋል፤ መቋሚያና ገደል አለ። የግንባር ባትሪ በዝቅተኛ ደረጃ፣ አንድ ትርፍ ድንጋይ፣ ሌላ ምንም። ከፊታችሁ የሚሄደውን ሰው ጀርባ ሳይሆን የራሳችሁን እግር አብሩ። ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ በደማቅ ብርሃን ከተመታ እንደገና በደንብ እስኪያይ 20፣ 30 ደቂቃ ይወስድበታል።

ለእናቴ ብገዛላትስ?

እናቴ ለሱብሂ ስትነሳ ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት መብራት ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ባለ አምስት ደረጃ ባትሪ አመጣሁላት። ማታ ማታ እየጫነችው ብልጭ ድርግም ወደሚለው ትደርስና ታጠፋዋለች። ተውኩት። አሁን ያላት አንድ ማብሪያ፣ ሁለት ደረጃ ያለው፣ በደብል ኤ የሚሠራ ነው፤ ገመድ አስሬ ራስጌዋ ላይ ሰቅዬላታለሁ። ማብሪያዋ ላይ በእጅ እንዲታወቅ ትንሽ ክር ጠምጥሜባታለሁ። ለሽማግሌ የሚገዛ ባትሪ ዓይን ጨፍናችሁ የምትከፍቱት መሆን አለበት።

በፀሐይ የሚሞላው አያዋጣም?

ጎኑ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ሶላር የተለጠፈበትን ከሆነ የምትሉት፣ አያዋጣም። ያቺ ቁራጭ በሙሉ ፀሐይ የአንድ ዋት ሲሶ እንኳ አትሰጥም፤ አንድ 18650 ለመሙላት ከሠላሳ ሰዓት በላይ ጥርት ያለ ፀሐይ ይፈጃል። ደሴ በክረምት ያን ፀሐይ ከየት ታመጣለች? መብራት ያልገባበት ገጠር ለሚኖር ዘመድ ከሆነ ሶላሩ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ በሽቦ የሚወርድ ይሁን።

ውሃ ቢገባበት?

ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ4 ካለ ዝናብ ይችላል፤ አይፒኤክስ7 ካለ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ለዝናብ የመጀመሪያው ይበቃል። ጅራቱን ስትከፍቱ ጥርሱ ሥር ቀጭን የጎማ ቀለበት ካላያችሁ የተጻፈውን አትመኑ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ልፈትሸው?

አትቸኩሉ፤ ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ታገሱት። መጀመሪያ ጅራቱን ፍቱ። ጥርሱ ሳይንገጫገጭ፣ ሳያፏጭ መዞር አለበት፤ አሸዋ የገባበት የሚመስል ድምፅ ካለው ተውት። ውስጡን እዩ፦ ሞላው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ሞላ ነገ ግንኙነት ያቋርጣል። ዝጉት፣ አብሩት፣ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ከተርገበገበ አይሆንም።

ቀጥሎ በከፍተኛው ላይ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ያዙት። አካሉ ሞቅ ማለት አለበት፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሙቀቱ ከኤልኢዲው ወደ ብረቱ እየወጣ ነው ማለት ነው። እጅግ ደማቅ ሆኖ ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ኤልኢዲውን እያቃጠለ ነው። ከዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩ፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ወይም የተቆራረጠ ቀለበት አይኑር። በመጨረሻ ወደ ዝቅተኛው መልሱና በስልካችሁ ካሜራ እዩት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተንሸራተቱ ብርሃኑ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው፤ ሲያነቡበት ዓይን ያደክማል።

በአንድ ባትሪ ሙሉ ክፍል ማብራት ይቻላል?

ይቻላል። ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋችሁ አቁሙት፤ ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ራት ይበላበታል። ኮርኒስ ከሌለ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ፊቱ ላይ አስቀምጡ፤ ውሃው ውስጥ ሁለት ጠብታ ወተት ካደረጋችሁ ብርሃኑ እንደ ፋኖስ ይሰራጫል። ከኩራዝ ጭስም ከሻማ እሳትም ይሻላል፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

ድንጋዩ ውስጡ ፈሰሰብኝ፤ ይድናል?

ብዙ ጊዜ ይድናል። ጅራቱ በግድ ከተከፈተ በኋላ ሞላው ላይ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ታያላችሁ፤ እንደ ደረቀ ጨው ነው። በባዶ እጅ አትንኩት፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። የጆሮ ጥጥ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ቅርፊቱን እሹት፤ የአልካላይን ድንጋይ ከሆነ ትንሽ ይፈላል። በደረቅ ጨርቅ አጽዱ፣ ፀሐይ ላይ ክፍቱን አውሉት፣ ከዚያ ሞላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርጉት። እንዳይደገም አዲስና አሮጌ ድንጋይ አታደባልቁ፤ ለወር የማትነኩት ባትሪ ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ። የአሉሚኒየሙ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ ጅራቱን ሩብ ዙር ላላ አድርጉት።

ያለቀውን ድንጋይ የት ልጣለው?

ሊቲየሙን ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት፤ ይፈነዳል። ቦርከና ወንዝም ውስጥ አትጣሉት፤ ታች ኮምቦልቻ ድረስ በዚያ ውሃ የሚጠቀም አለ። ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍናችሁ ከቁልፍና ከሳንቲም ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ከዚያ ለሚጠግን ሰው ስጡት። እኔ ጋ ብታመጡልኝ እቀበላለሁ፤ ገና ጉልበት ያለውን ለይቼ ለትንንሽ መብራት እጠቀምበታለሁ።